በርሜሉ ነባርና እንግዳ አይለይም

ድሬዳዋ ውስጥ የወባ ነገር በተነሳ ቁጥር አንድ አባባል አብሮ ይነሳል፤ የቆላ ሰው በሽታውን ለምዶታል፣ የሚጥለው ከደጋ የመጣውን ነው ይባላል። አባባሉ ከባዶ ሜዳ አልመጣም። ደገኛው ለብዙ ዘመን ቆላ ወርዶ ማደርን ሲፈራ ኖሯል። ቀን ወርዶ አርሶና ሰብስቦ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወደ ከፍታው መመለስ በብዙ የአገራችን ክፍል የታወቀ ልማድ ነበር። ንዳድ የሌሊት ጣጣ መሆኑን ሰው ያወቀው የትንኟን ሥራ ማንም ሳያጠና ነው። ይሁንና ያው አባባል ጋምቤላ ላይ ግማሽ እውነት ሲሆን ድሬዳዋ ላይ ሰው ያዘናጋል። ተወልዶ ያደገው «እኔን አይነካኝም» ብሎ ትኩሳቱን ሦስት አራት ቀን ያስታምመዋል፣ እንግዳው ደግሞ በገዛ ግቢው ትንኝ የምትፈለፈልበትን የውሃ በርሜል ትቶ የአገሩን አየር ይወቅሳል።

ሁለት ነገር ተደባልቋል። አንዱ መጋለጥ ነው፤ ተውሳኩን የተሸከመች ትንኝ ሰውን በዓመት ስንቴ ታገኘዋለች የሚለው። ሌላው መቋቋም ነው፤ ከተነከሰ በኋላ ሰውነቱ ምን ያደርጋል የሚለው። ነባርና እንግዳ በሁለቱም ሊለያዩ ይችላሉ፤ አንዳንዴም በተቃራኒ አቅጣጫ ይለያያሉ። ብዙ የተነከሰው ነባር ትንሽ ሊታመም፣ ጥቂት የተነከሰው እንግዳ ሊሞት ይችላል።

ከመቋቋም እንጀምር። አንዱ ክፍሉ የሚወረስ ነው። የማጭድ ቅርጽ የደም ሴል ባሕርይን ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰ ልጅ ፋልሲፓረም በተባለው ገዳይ የወባ ዓይነት በጠና ከመታመም በእጅጉ ይጠበቃል። ይህ ባሕርይ በደጋው ሕዝባችን ዘንድ ብርቅ ነው፤ በምዕራቡ ቆላ ነባር ሕዝቦች ዘንድ ግን ይገኛል። ዳፊ የሚባለው ፕሮቲንም አለ። ቫይቫክስ የተባለው የወባ ዓይነት ቀይ የደም ሴል ውስጥ ለመግባት በዋናነት በዚህ ፕሮቲን ይጠቀማል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ መጀመሪያ ጋምቤላ ላይ የተሠሩ ጥናቶች ዳፊ የሌላቸው የአካባቢው ነባሮች በቫይቫክስ እምብዛም እንደማይያዙ፣ ከደጋ የመጡት ግን እንደሚያዙ አሳይተዋል። በኋላ ኢትዮጵያና ማዳጋስካር ውስጥ ዳፊ በሌላቸው ሰዎች ደም ውስጥም ቫይቫክስ ተገኝቷል፤ ስለዚህ ጋሻው ቀዳዳ አለው።

ሁለተኛው ክፍል በኑሮ የሚገዛ ነው፤ ዋጋውም ውድ ነው። ወባ ዓመቱን ሙሉ በማይለይበት አገር ልጅ ከእናቱ የተዋሰው መከላከያ ከመጀመሪያዎቹ ወራት በኋላ ያልቅበትና ደጋግሞ ይታመማል። አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት ሞተው የተረፉት ሲያድጉ፣ ተውሳኩን በደማቸው ይዘው እንኳ ቆመው ይሄዳሉ። «ለምዶታል» የምንለው አዋቂ ከእነዚያ የተረፈ ነው። ይህ መከላከያ እንደ ኩፍኝ ክትባት ዕድሜ ልክ አይቆይም። ወባ ወደሌለበት ሄዶ ጥቂት ዓመት የቆየ ሰው ሲመለስ ብዙውን ያጣዋል። ደጋ ተምሮ ወደ ጋምቤላ የሚመለስ ወጣት ራሱን ከእንግዳ ቢቆጥር ይሻለዋል።

እንግዳስ መቼ ነው ነባር የሚሆነው? ለዚህ ጥሩ መልስ የሰጠችው ኢንዶኔዥያ ናት። ወባ እምብዛም ከሌለባት ከጃቫ ደሴት በመንግሥት ፕሮግራም ወደ ፓፑዋ የተወሰዱ ሰፋሪዎች ሲጠኑ፣ መጀመሪያ ላይ አዋቂዎቹ ከልጆቻቸው ይልቅ በጠና ይታመሙ ነበር። አንድ ሁለት ዓመት ሲቆዩና ደጋግመው ሲያዙ ግን የአዋቂዎቹ መከላከያ የልጆቹን ቀደመው። እዚህ ላይ ልብ መባል ያለበት ቅድመ ሁኔታው ነው፤ ሰውዬው በአጭር ጊዜ ደጋግሞ መያዝ አለበት። ወባ በየሦስት ዓመቱ ብቅ በሚልበት አገር ይህ ትምህርት ቤት አይከፈትም።

ደም ብቻውን የማይፈታው ነገርም አለ። ቡርኪና ፋሶ ውስጥ ፉላኒ፣ ሞሲና ሪማይቤ የተባሉ ሕዝቦች በጎረቤት መንደር፣ በአንድ ዓይነት ትንኝ እየተነከሱ ሲኖሩ ፉላኒዎቹ ደም ውስጥ የሚገኘው ተውሳክ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል፤ በደማቸው ያሉት ተውሳኩን የሚዋጉ ፀረ እንግዳ አካላት ደግሞ ከፍ ያሉ ናቸው። የማጭድ ሴልና የመሳሰሉት የታወቁት ውርሶች ግን በእነሱ ዘንድ እንዲያውም ያነሱ ናቸው። የዘር ጉዳይ በወባ ላይ ውስብስብ መሆኑን ለማየት ይህ ይበቃል። ከአንድ ሰው ብሔር ተነስቶ የጤናውን ዕጣ የሚተነብይ ሰው ቢሳሳት አይገርምም።

መጋለጥ ላይ ስንመጣ ነገሩ ከደም ወጥቶ ወደ መኝታ፣ ወደ ሥራና ወደ ውሃ ይሄዳል። አዋሽ ሸለቆ ጥሩ ምሳሌ ነው። የጥጥ እርሻው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ70ዎቹ ሲስፋፋ ከደጋ የመጣው የቀን ሠራተኛ በመስኖው ቦይ አጠገብ በተሠራ ካምፕ ያድር ነበር። የአፋር አርብቶ አደር በበኩሉ የትንኝ ወቅት ሲመጣ ከረግረጉ ርቆ መስፈርን ከአያቶቹ ያውቃል። አፋሩ የዳነው በደሙ ሳይሆን በእግሩ ነው። የሚያሳዝነው፣ እርሻው የወንዝ ዳሩን የግጦሽ መሬት ሲወስድ ያ የመራቅ ነፃነትም ጠበበ።

በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ 600,000 ያህል ሰው ወደ መተከል፣ ጋምቤላ፣ ወለጋ፣ ኢሉባቦርና ከፋ ሲሰፍር ወባ ብዙ ሰው ጨርሷል። ይህን «ደገኞች ስለሆኑ አልቻሉትም» ብሎ ማለፍ ለአቀዱት ሰዎች ይመቻል። መከላከያ አለመኖሩ እውነት ነው። ግን ተርቦ የደከመን ሰው ለብዙ ቀን አጓጉዞ፣ አጎበርና በቂ መድኃኒት ሳይኖር በሳር ጎጆ ማሳደር የደም ጉዳይ አይደለም።

ግልባጩም አለ። ብራዚል ውስጥ የያኖማሚ ሕዝብ በአማዞን ደን ሲኖር በሽታውን ያባባሰው የወርቅ ቆፋሪዎች ጎርፍ ነው። ተውሳኩን በደማቸው ይዘው ይገባሉ፣ የቆፈሩት ጉድጓድ ውሃ ያቁራል፣ ጤና ሠራተኛውም ከአካባቢው ይሸሻል። የብራዚል መንግሥት እ.ኤ.አ. በጥር 2023 የጤና አስቸኳይ ሁኔታ ያወጀው ለዚህና ለረሃቡ ነበር። እዚያ ነባሩ ነው የተጋለጠው።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ከድሬዳዋ ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የወባን ሒሳብ ለማስተማር ከዚህ መንገድ የተሻለ አይገኝም። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደንገጎን ስትወጡ 2,000 ሜትር ታልፋላችሁ፣ ከዚያ ሐረር ወደ 1,850 ሜትር ዝቅ ትላለች። ቁም ነገሩ ሙቀቱ ነው። ፋልሲፓረም በትንኟ ሆድ ውስጥ ለመብሰል ከ16 ዲግሪ በላይ ሙቀት ይፈልጋል፤ በተለመደው ስሌት በየቀኑ ከ16 በላይ ያለውን ዲግሪ ደምረን 111 ስንደርስ ትንኟ ማስተላለፍ ትጀምራለች። አማካዩ 26 ዲግሪ በሆነበት ድሬዳዋ ይህ 11 ቀን ያህል ይፈጃል። 20 ዲግሪ አካባቢ በሆነበት ግን 28 ቀን ገደማ ነው። አብዛኛዋ ትንኝ ያን ያህል አትኖርም። ጀጎል ውስጥ ያደገ ሰው ወባን ያላወቀው በዚህ ስሌት ነው፤ የከተማው ግንብ ወይም የደሙ ጥንካሬ አይደለም የጠበቀው።

ስለዚህ ሐረሬው፣ ኦሮሞው፣ አማራውም ሆነ ሌላው የሐረር ነዋሪ ለወባ እኩል ባዳ ነው። ወደ ኤረር ሸለቆ ለእርሻ ወርዶ የሚያድር የሐረር ሰው በሃምሳ ደቂቃ መንገድ ውስጥ ከነባርነት ወደ እንግድነት ይሻገራል። የከፍታው ጥበቃ ደግሞ የሚታመነው ዓመቱ እንደወትሮው ሲሆን ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 ሙቀቱና ዝናቡ ከወትሮው ሲወጣ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ባለው የአገራችን ከፍታ ላይ የተነሳው ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው አሞ 150,000 ያህሉን እንደገደለ ተገምቷል። የሞቱት በገዛ ቀያቸው የተወለዱ ገበሬዎች ነበሩ።

ድሬዳዋ ራሷስ? ቆላ ናት፣ ትሞቃለች፤ ግን ደረቅ ናት። ወባዋ ዝናብ ተከትሎ የሚመጣ፣ አንድ ዓመት ጎልቶ ሌላ ዓመት የሚጠፋ ዓይነት ነው። ለከዚራም ሆነ ለመጋላ፣ ለሳቢያንም ሆነ ለለገሀሬ ልጅ ደጋግሞ የሚያሰለጥነው ወባ አልነበረም። ድሬ ተወልዶ አርባ ዓመት የኖረና ትናንት ከደብረ ብርሃን በአውቶቡስ የወረደ ሰው በመከላከያ ረገድ ያላቸው ልዩነት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። እኔ ይህን አንድ ነገር ብቻ ሰው ቢይዝልኝ ይበቃኛል።

ቀድሞ ልዩነቱን የሚያሰፋው ቦታ ነበር። አኖፊለስ አረቢየንሲስ የተባለችው ዋናዋ የአገራችን ወባ አስተላላፊ ዝናብ ባቆረው፣ ፀሐይ በሚመታው ውሃ ትራባለች። የደቻቱ ወንዝ ወርዶ ሲያልፍ የሚቀሩ ኩሬዎች፣ የገጠር ቀበሌዎች የመስኖ ቦይ፣ የከብት ኮቴ ጉድጓድ ይመቿታል። ስለዚህ የገጠሩ ነዋሪ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ይጋለጣል፣ የከተማው ሰው ብዙም አያስበውም ነበር።

ይህን ሥርዓት ያፈረሰችው አኖፊለስ ስቴፈንሳይ ናት። አገሯ እስያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ጅቡቲ ላይ ታየች፣ በ2016 ደግሞ ቀብሪ ደሃር። ድሬዳዋ ከጅቡቲ ጋር በባቡርና በከባድ መኪና የተሳሰረች ከተማ ናት፤ ትንኟ እዚህ ስትገኝ ሊደንቀን አይገባም ነበር። እ.ኤ.አ. ከጥር እስከ ግንቦት 2022 ባለው ጊዜ ከ2,400 በላይ ሰው በወባ መያዙ ድሬዳዋ ውስጥ ተመዘገበ፤ በ2019 የነበረው 205 ብቻ ነው። ያ ወረርሽኝ ሲጠና የተገኙት የወባ ትንኞች ከሞላ ጎደል ሁሉም ስቴፈንሳይ ነበሩ። ከተመረመሩት ታማሚዎች ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ሌሎቹ የከተማው ሰፈር ነዋሪዎች ናቸው። ከየክልሉ የመጣ ተማሪና የሰፈር ልጅ በአንድ ትንኝ፣ በአንድ ወቅት፣ በአንድ ዓይነት ተውሳክ ታመሙ። ወቅቱም ዝናብ የሚጠበቅበት አልነበረም።

ደረቁ ወቅት ለስቴፈንሳይ የሚመቸው በቧንቧው ምክንያት ነው። ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ሰው ያጠራቅማል፤ ሙቀቱ በበረታና ፈረቃው በረዘመ ቁጥር በርሜሉ፣ ሮቶው፣ ጄሪካኑ፣ ባልዲው ይበዛል። ትንኟ የምትፈልገው ንጹሕ፣ የማይነቃነቅ ውሃና ጥላ ነው። ከበርሜል የተሻለ የለም። የግንባታ ቦታ ደግሞ ከበርሜልም ይብሳል። ለሲሚንቶና ለብሎኬት ማጠጫ ተብሎ የሚቆፈረው በላስቲክ የተነጠፈ ጉድጓድ ወይም የሲሚንቶ ገንዳ ለወራት አይደርቅም፣ ባለቤትም የለውም።

በርሜሉን መፈተሽ እንዲህ ነው። ክዳኑን ቀስ ብሎ ከፍቶ የእጅ ባትሪ በጎን ማብራት። ዕጩ፣ ማለትም ገና ክንፍ ያላወጣው የትንኝ ትል፣ ጥላ ሲወድቅበትና ውሃው ሲነቃነቅ ወዲያው ወደ ታች ይጠልቃል፤ ብዙ ሰው ከፍቶ አይቶ «ንጹሕ ነው» ብሎ የሚዘጋው በዚህ ምክንያት ነው። ሁለት ሦስት ደቂቃ ሳይነኩ መጠበቅ፣ ከዚያ በጭልፋ ከጠርዙ ቀድቶ ነጭ ሳህን ላይ መገልበጥ። የወባ ትንኝ ዕጭ ከውሃው ገጽ ጋር ትይዩ ሆኖ ይተኛል። ጭንቅላቱን ወደ ታች ዘቅዝቆ በጅራቱ የሚንጠለጠለው የሌሎቹ ትንኞች ዕጭ ነው፤ እሱም ቢሆን የሚናቅ አይደለም። ዴንጊ የተባለውን ትኩሳት የምታስተላልፈው ኤደስ የተባለች ትንኝ እዚያው በርሜል ውስጥ ከስቴፈንሳይ ጋር ጎን ለጎን ትፈለፈላለች። ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ2013 ዴንጊን፣ በ2019 ቺኩንጉንያን ያየችው ከዚሁ ዓይነት ዕቃ ነው።

በሙቀታችን ከእንቁላል እስከ በራሪ ትንኝ ያለው ጊዜ ስምንት ቀን ድረስ ሊያጥር ይችላል። ስለዚህ በየሳምንቱ፣ በተቆረጠ ቀን፣ መድፋትና መፈተግ ያስፈልጋል። በየ10 ቀኑ ማለት አንድ ትውልድ አሳልፎ መድፋት ነው። መፈተጉን መዝለል አይቻልም። የወባ ትንኝ እንቁላሏን ውሃው ላይ ትበትናለች፤ ኤደስ ግን ከውሃው መስመር ከፍ ብላ ግድግዳው ላይ ትለጥፈዋለች፣ እንቁላሉም ለወራት ደርቆ ቆይቶ ውሃ ሲነካው ይፈለፈላል። የድሬ ውሃ ኖራው ብዙ ስለሆነ በርሜሉ ዙሪያ ነጭ ቅርፊት ይሠራል። በጠንካራ ብሩሽ እሱ እስኪነሳ መፈተግ ነው።

ውሃ በወር ሁለቴ በሚመጣበት ሰፈር «ድፉ» ብሎ መምከር ግን ቀልድ ነው። እዚያ መሸፈን ይሻላል። ቀዳዳው የጠበበ ጨርቅ ወይም የተቀደደ አጎበር ሁለት እጥፍ አድርጎ ከካላማዳሪ በተቆረጠ ቀለበት አፉ ላይ ማሰር ይቻላል። የሚበላሸው ሁለት ቦታ ነው። ጨርቁ ሲረግብ ውሃውን ይነካና ትንኟ እርጥቡ ላይ እንቁላሏን ትጥላለች፤ ስለዚህ ተወጥሮ ይታሰር፣ ውሃውም ከአፉ አንድ ስንዝር ይጉደል። የቆርቆሮ ክዳንም ከመሐል ሲጎደጉድ ላዩ ላይ ውሃ ያቁራልና ይገልበጥ። ሮቶ ላይ የሚረሳው የትርፍ ውሃ መውጫው ቀዳዳ ነው፤ ክዳኑ ተቆልፎ ትንኟ በዚያ ትገባለች። ወንፊት ይታሰርበት።

አቤት የሚባለው የዕጭ መድኃኒት በጤና ሠራተኛ ሲታደል መጠኑ በአንድ ሊትር 1 ሚሊ ግራም እንዳያልፍ ነው የሚሰላው፤ 1 ፐርሰንት የሆነው አሸዋማው ዓይነት ለ200 ሊትር በርሜል 20 ግራም ይሆናል። መጠኑ በርሜሉ በሚይዘው ልክ እንጂ ዛሬ ባለው ውሃ ልክ አይለካም፤ ነገ ይሞላልና። ሁለት ሦስት ወር ሊሠራ የሚችለውን መድኃኒት ሰው በሳምንቱ በርሜሉን ሲያጥብ አብሮ ይደፋዋል፤ ሽታውን ጠልቶ ወዲያው የሚገለብጠውም ብዙ ነው። የተጨመረበት ዕቃ ለብቻው ምልክት ይደረግበት። የአትክልትና የከብት ፀረ ተባይ በመጠጥ ውሃ ላይ መሞከር በፍጹም አይገባም።

ታዲያ አሁን ድሬዳዋ ላይ መጋለጥ ማንን ከማን ይለያል? ትልቅ ሮቶ ዘግቶ የሚኖረውን አምስት ክፍት ባልዲ ከደረደረው ይለያል። ግንባታ ላይ የሚያድረውን ዘበኛ ፎቅ ላይ ከሚተኛው ይለያል። ለቀን ሥራ የመጣ ወጣት ብዙ ጊዜ እዚያው ግንባታው ላይ፣ ከማጠጫው ገንዳ አሥር ሜትር ርቆ ካርቶን አንጥፎ ያድራል። እሱ የሚታመመው ደገኛ ስለሆነ ሳይሆን ትንኟ ደጃፉ ስለተፈለፈለች ነው። አጠገቡ የተኛው የድሬ ልጅም ቢሆን አይተርፍም። በከተማው ዙሪያ ያለው የሶማሌና የኦሮሞ አርብቶ አደር ደግሞ ሌላ መጋለጥ አለው። ስቴፈንሳይ የፍየልና የከብት ደምም ትወዳለች፣ በበረት ትውላለች፤ ከብቱ አጠገብ የሚተኛ ሰው ለእሷ ሁለተኛ ገበታ ነው። የጤና ኬላው ርቀት ሲጨመርበት በሽታው ከመታከሙ በፊት ይጠናል።

ግቢ ውስጥ ሰሌን አንጥፎ ማምሸትና ማደር በድሬ ሙቀት የማይቀር ነው። ስለዚህ አጎበሩ ወደ ውጭ ይውጣ። አራት ችካል ወይም አንድ ገመድ በግድግዳና በዛፍ መሐል ይበቃል፤ ጫፉ ከሰሌኑ ሥር በዙሪያው ይታጠፍ። አዲስ አጎበር ከከረጢቱ ሲወጣ አንድ ቀን ጥላ ላይ ይናፈስ፣ ሲታጠብም ጥላ ላይ ይድረቅ፤ ፀሐይ መድኃኒቱን ይገድላል። ግን ሙሉ ተስፋ እዚህ ላይ አይጣል። ስቴፈንሳይ ከመኝታ ሰዓት በፊትም ትነክሳለች፣ የምናውቃቸውን ብዙ የፀረ ትንኝ ኬሚካሎችም ትቋቋማለች። ለዚህ ነው ጉልበታችን ከአጎበሩ ይልቅ በርሜሉ ላይ እንዲያርፍ የምወተውተው።

ትኩሳት ሲመጣ ነባርነትና እንግድነት ሌላ ትርጉም ያገኛሉ። ፋልሲፓረም ከተነከሱ በኋላ ትኩሳቱ እስኪታይ አብዛኛውን ጊዜ ከ9 እስከ 14 ቀን ይፈጃል። ለዕረፍት አገሩ የገባ ተማሪ ድሬ ላይ ተነክሶ ደብረ ብርሃን ላይ ይተኛል፤ እዚያ ያለው ባለሙያ ስለ ወባ ላያስብ፣ የተለመደውን «ታይፎይድ ታይፈስ» ጽፎ ሊሸኘው ይችላል። መተማ ለሰሊጥ አጨዳ ሄዶ የተመለሰ ሰው ደግሞ ሐረር ካርድ ክፍል ሲቆም ማንም አይጠይቀውም። ላለፈው አንድ ወር የት የት እንዳደረ ታማሚው ራሱ ሳይጠየቅ ይናገር።

ምርመራው ላይም ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። በድሬዳዋው ወረርሽኝ ውስጥ ፈጣኑ የጣት ደም ምርመራ የሚፈልገውን ፕሮቲን የማያመርት ፋልሲፓረም ተገኝቷል። መመርመሪያው «የለም» ሲል በሽታው ሊኖር ይችላል። ትኩሳቱ ከቀጠለ ደሙ በማይክሮስኮፕ ይታይ፤ የመጀመሪያው ስላይድ ባዶ ከሆነም ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይደገም። ትኩሳቱ ዴንጊም ሊሆን ስለሚችል፣ ዴንጊ አለመሆኑ እስኪለይ አስፕሪንና አይቡፕሮፊን አይወሰዱ፤ ፓራሲታሞል ይበቃል።

ለፋልሲፓረም የሚሰጠው ኮአርቴም 35 ኪሎና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው በአንድ ጊዜ 4 ፍሬ፣ በሦስት ቀን ስድስት ጊዜ፣ በድምሩ 24 ፍሬ ነው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው 8 ሰዓት በኋላ ነው፤ ብዙ ሰው ወደ ነገ ያሳድረዋል። ቅባት ካልነካ በደንብ አይሰርግም። በጾም ወተት የማይጠጣ ሰው እፍኝ የባቢሌ ለውዝ ወይም ዘይት የበዛበት ወጥ አብሮ ይብላ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ካስመለሰው ያው መጠን ይደገማል። በሁለተኛው ቀን ሲሻለው ቀሪውን ለሌላ ቀን የሚያስቀምጥ ሰው ይበልጥ ጎጂ ነው፤ በዚያው ወረርሽኝ ውስጥ ከመድኃኒቱ መዳከም ጋር የሚያያዝ የተውሳክ ለውጥም ታይቷልና።

ቫይቫክስ ሲሆን የአባት የአያት አገር በእርግጥ ይጠየቃል። ይህ ዓይነት ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ይመለሳል፤ ከክሎሮኪኑ ሌላ 14 ቀን ፕሪማኪን የሚታዘዘው ለዚህ ነው፣ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በቀን 15 ሚሊ ግራም። ለነፍሰ ጡርና ከስድስት ወር በታች ላለ ሕፃን አይሰጥም። ጂ ስድስት ፒዲ የሚባለው ኢንዛይም ያነሰበት ሰው ቀይ የደም ሴሉ በዚህ መድኃኒት ይፈርሳል። ጉድለቱ በደጋው ሕዝብ ዘንድ አነስተኛ ሲሆን በጋምቤላ ነባሮች ዘንድ ከፍ ያለ ነው፤ ከዚያ መጥቶ ድሬ የሚማር ወይም የሚሠራ ሰው ለሐኪሙ ይህን ይንገር፣ ምርመራው ካለ ይሠራለት። የትም ይወለድ የት፣ ፕሪማኪን የጀመረ ሰው ሽንቱ እንደ ኮካ ከጠቆረ፣ ዓይኑ ቢጫ ከሆነ ወይም ደረጃ ሲወጣ ከወትሮው በላይ ካለከለከ ክኒኑን እዚያው አቁሞ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያው ይመለስ።